የሰማሁበት ቀን

ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለድንቢጤ፣ ለአንዲት ልጄ፤

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። ከዚህ ቀጥሎ «እግዚአብሔር ይመስገን» ተብሎ ይጻፋል። አውቃለሁ፤ በማታው ትምህርት ቤት ደብዳቤ አጻጻፍ ስንማር ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ግን ከእሱ ጋር ብርቱ ጉዳይ አለኝ። መግቢያው ላይ ለወጉ ያህል ስሙን ጠርቼ ማለፍ አልፈለግሁም። ቆየት ብዬ እመጣበታለሁ።

በፊት እጄን እዪልኝ። እዪው እንጂ! ፊደሉ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ወገቡ ያልጎበጠ፣ መስመሩን ያልሳተ። አክስትሽ ሬዲዮ አይታው «ይሄ የማተሚያ ቤት ሥራ ነው እንጂ የሰው እጅ አይደለም» አለች። (ሬዲዮ ደህና ናት። የሰፈሩን ወሬ ከሁሉ ቀድማ ማሰማቷን አልተወችም፤ ባትሪዋም አላለቀም።) እንግዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት ታፔላ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የከተማው ግማሽ የሚያነበው የእኔን እጅ ነው። መድኃኒት ቤቱ፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ «እዚህ ቦታ መሽናት ክልክል ነው» የሚለው ሳይቀር። ሕዝቡ ያነባል፣ ጻፊው አያነብም። ደንበኛው በወረቀት ይሰጠኛል፤ እኔ እንደ አበባ፣ እንደ ወፍ ቅርጹን አይቼ እሥለዋለሁ። አንድ ጊዜ የሁለት ሰው ወረቀት ተቀላቅሎብኝ፣ በአዲሱ ጫማ ቤት በር ላይ «ለጊዜው ዝግ ነው» ብዬ በቀይ ቀለም አሳምሬ መጻፌን ታስታውሻለሽ። ሰውየውም እንደኔው ማንበብ አይችልም ነበርና ስድስት ቀን ሙሉ ደንበኛ ሲጠብቅ ከረመ። በሰባተኛው ቀን መጥቶ አንገቴን ሊያንቅ ሲል «ፊደሉ ግን አያምርም?» አልኩት። ቆም ብሎ አሰበና «ያምራልስ» አለኝ።

አሁን ግን የምጽፈውን አነባለሁ። ለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ስድስት ቀን የፈጀብኝ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ የዛሬ ዘጠኝ ቀን ነው። አክስትሽ እንደ ልማዷ ፖስታውን ቀዳ ልታነብልኝ ስትል ከእጇ ነጠቅኋት። «የሚነበብልኝ ዘመን አለቀ» አልኳት። ተኮሳትራ ወጥ ቤት ገባችና ድስት እያንኳኳች ቆየች። ሦስት ቀን አነበብኩት። የመጀመሪያውን ገጽ በመጀመሪያው ቀን፣ ሁለተኛውን በሁለተኛው፤ እንደ መድኃኒት ከምግብ በኋላ።

የምትሠሪበትን የአረጋውያን ቤት ማሞቂያ የሚጠግነው ሰው ላግባሽ ብሎ እንደጠየቀሽ ጻፍሽልኝ። የመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከመፍቻዎቹ መሃል፣ ብርቱካን ደብቆ እንደሚያመጣልሽ። አሮጊቶቹ «ማሞቂያው በሳምንት አራቴ የሚበላሸው ለምንድን ነው?» እያሉ እንደሚስቁብሽ። እዚህ ላይ ሳቅሁ። ሰውየውን ሳላየው ወደድኩት። ቀልድ የሚገባው ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ አለበለዚያ ማሞቂያ አያበላሽም ነበር።

ሦስተኛው ገጽ ላይ «አይሆንም አልኩት» ብለሻል። «እሱ ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ልጠብቅሽ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሬ እሄዳለሁ አለኝ። አባዬ፣ ለምን አይሆንም እንዳልኩት አንተ ታውቃለህ። በስልክ ግን አትጠይቀኝ፣ አልችልም።»

ይህን ካነበብኩ በኋላ አክስትሽን ብሩሾቼን አምጪልኝ አልኳትና አጠብኳቸው። ታጥበው ነበር። እንደገና አጠብኳቸው። ጸጉራቸውን በጨርቅ አድርቄ ከትልቁ እስከ ትንሹ መስኮቱ ላይ ደረደርኳቸው። ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲያነብ የሚያለቅስ ይመስለኝ ነበር። እኔ ምንም አልሆንኩም። ራት በላሁ። ጨው አንሶታል አልኩ።

በስልክ አትጠይቀኝ ማለትሽም ደግ ነው። በስልክ ቢሆን እቀልድልሽ ነበር፣ አንቺም ትስቂ ነበር፣ ነገሩም በዚያው ያልፍ ነበር። እኔና አንቺ ስንቱን ነገር በሳቅ አሳልፈናል። ወረቀት ላይ ግን ቀልድ አይመቸኝም። አንዱን ቃል ጽፌ ሌላውን እስክፈልግ ቀልዱ መሃል መንገድ ላይ ይሞትብኛል። ስለዚህ እውነቱን ልጻፈው፤ እሱ የትም አይሄድም።

ነገሩ የጀመረው ደብዳቤሽ ከመምጣቱ በፊት ነው። ክፍላችን ቀን ቀን ሕፃናት የሚማሩበት ክፍል ነው። ወንበሩ ለሰባት ዓመት ልጅ የተሠራ ስለሆነ ስንቀመጥ ጉልበታችን ጆሯችን ሥር ይደርሳል። መምህራችን በዕድሜ ካንቺ ታንሳለች። ባለፈው ወር እያንዳንዳችን ከቤት መጽሐፍ አምጥተን ክፍሉ ፊት ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንድናነብ አዘዘችን። ከጎኔ የምትቀመጥ ልብስ ሰፊ አለች። ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ከመቀሷ የሚስል ሴት ናት። «እኔ መዝሙር አነባለሁ» አለች። እኔ ደግሞ ከሰው በልጬ ካልታየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ «መዝሙርማ ማንም ያነባል፤ እኔ ከኦሪት አራተኛውን መጽሐፍ ነው የማነበው» ብዬ ፎከርኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ እሱ እኮ የሕዝብ ቆጠራና የሕግ መጽሐፍ ነው። ፈርተህ ትመለሳለህ» አለችኝ።

«ከሦስተኛ ፎቅ ወድቄ ያልፈራሁ!»

ቤት ገብቼ ተንኮሌን ሠራሁ። መጽሐፉን ገልጬ አጭር ምዕራፍ ፈለግሁ። የመጨረሻው ምዕራፍ አጭር ነበር፤ ግን የሴት ልጆች ስም በላዩ ላይ ተደርድሮ ምላሴን አሰረው። ሠላሳኛውን አየሁ፤ አሥራ ስድስት ቁጥር ብቻ፣ ከሙሴ ስም በቀር አስቸጋሪ ስም የለበትም። ይሄ የኔ ነው አልኩ። ቁጥሩን ቆጠርኩ እንጂ አላነበብኩትም። ታፔላ ጻፊ አይደለሁ? ልኩን ለካሁና ተኛሁ።

በማግስቱ ማታ ክፍሉ ፊት ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። የኔ ንባብ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ቃሉን አንድ በአንድ አነሣለሁ፤ ትርጉሙ ግን ከኋላዬ እያነከሰ ነው የሚመጣው። አፌ ሲሄድ ጆሮዬ ገና አልደረሰም። ስለ ስእለት ነው የሚናገረው። አንዲት ልጅ በአባቷ ቤት ሳለች ለእግዚአብሔር ብትሳል፣ አባቷም ሰምቶ ዝም ቢላት፣ ስእለቷ ሁሉ ይጸናባታል። አባቷ ግን በሰማበት ቀን ቢከለክላት ስእለቱ አይጸናም፤ አባቷ ከልክሏታልና እግዚአብሔር ይቅር ይላታል።

ይህን አንብቤ ሦስት ቁጥር አልፌ ሄድኩ። ትርጉሙ እዚያ ላይ ደረሰብኝ። ቆምኩ።

«አባባ፣ ቃሉ ከበደዎት?» አለች መምህርት።

«አይ፣ መነጽሬን ላብ ሸፈነው።»

«ሦስተኛው ፎቅ ደረስክ እንዴ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የቀረውን በአንድ ትንፋሽ ጨርሼ ተቀመጥኩ። አጨበጨቡልኝ። ያን ቀንም ዝም አልኩ ማለት ነው።

እንግዲህ የማታውቂውን ልንገርሽ።

የወደቅኩበትን ታሪክ ስነግርሽ አንድ ፎቅ እጨምርበታለሁ። እውነቱ ሁለተኛ ፎቅ ነው። የጥርስ ሐኪሙን ታፔላ ስሰቅል በመሰላል ወጣሁ፣ በአቋራጭ ወረድኩ። ይህን ታውቂዋለሽ። ሆስፒታሉንም ታውቂዋለሽ፤ ስምንት አልጋ ያለበት ክፍል፣ የእኔ በመስኮቱ በኩል። ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ ዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ነጭ። መጋጠሚያው ላይ የቀባው ሰው እጁ ተንቀጥቅጦበታል፤ ከአልጋዬ ትይዩ ሦስት ቦታ ተዛንፏል። ይህን ሁሉ ያየሁት እናንተ ራሱን አያውቅም ትሉኝ በነበረበት ሰዓት ነው። ሰው ሲመጣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ሲሄድ እገልጣለሁ። የሰውን ፊት ማየት አልፈለግሁም ነበር።

ዶክተሩ ለአክስትሽ «አይቆምም» ሲላት ሰማሁ። እሷ እያለቀሰች ወጣች። አንቺ ቀረሽ። አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነበር። የአልጋውን ብረት ስትይዢ ተሰማኝ፤ ብረቱ ልል ስለነበር ይንቀጠቀጣል። በሹክሹክታ አልነበረም፤ ሰው ሰውን እንደሚያናግር ነው የተናገርሽው። «አምላኬ፣ እናቴን ወስደሃል። አባቴን በሁለት እግሩ ካቆምክልኝ ባል አላገባም፣ ጎጆ አልወጣም። እሱን እያነሣሁ እኖራለሁ» አልሽ። ቁልጭ አድርጌ ሰማሁ።

ያኔ ዓይኔን ብገልጥ ይበቃ ነበር። «ተይ አንቺ ልጅ፣ እንዲህ አይባልም» ብል ይበቃ ነበር። አፌ ደህና ነበር። የእኔን አፍ የሚሰብር ፎቅ ገና አልተሠራም። ግን አሰብኩ። ምን አሰብኩ መሰለሽ? እናትሽ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ማን ያገላብጠኛል፣ ማን ያጥበኛል ብዬ አሰብኩ። አንቺ ለእኔ ስትሳይ እኔም ለራሴ አሰብኩ። ዓይኔን እንደጨፈንኩ ቆየሁ። ግንባሬን ስመሽኝ ወጣሽ።

የሰማሁበት ቀን ያ ነበር።

በአራተኛው ወር ቆምኩ። እሱ ቃሉን ጠበቀ፣ አንቺም ቃልሽን ጠበቅሽ፤ ከሦስታችን ያልጠበቀ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። አንድ እሑድ ጠዋት ግቢ ውስጥ ራሴን እያጠብሽኝ «አባዬ፣ አንተ ተኝተህ ሳለ ተስዬ ነበር» አልሽኝ። ነገርሽኝ። እኔም አዲስ ነገር እንደሰማ ሰው «እንዴ!» አልኩ። ነግረሽኝ ፎጣውን ይዘሽ ቆምሽ። ዓይኔ ውስጥ ሳሙና ስለነበረ ፊትሽን አላየሁም።

«ይሻላል፤ ጎረምሳ ከደጄ በድንጋይ ማባረር ቀረልኝ» አልኩሽ።

ሳቅሽ። ከዚያ ፎጣውን ሰጠሽኝ።

ይህን ስንት ዓመት እንደ ጥሩ ቀልድ ስናገረው ኖሬአለሁ። ለልብስ ሰፊዋ እንኳን ነግሬያታለሁ። አሁን ሳስበው ግን ፎጣ ለማቀበል ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም። እየጠበቅሽኝ ነበር። ሕጉን ታውቂው ይሁን አታውቂው እኔ አላውቅም፤ ብቻ ቆመሽ ጠብቀሽኛል። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሌላ ቦታ የጦር አለቃ የነበረ አባት አለ፤ ድል ካደረግሁ ከቤቴ ቀድሞ የሚወጣውን እሰጣለሁ ብሎ ተስሎ፣ አንድ ልጁ ከበሮ እየመታች ወጣችበት። እሱ ቢያንስ ልብሱን ቀደደ። እኔ ልብሴ ደህና ነው። ጸጉሬን አደረቅሁና ቁርስ በላሁ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ስድስቱን እኔን ስታነሺ፣ ስድስቱን እዚያ የሰው እናትና አባት ስታነሺ። እኔም ለእግዚአብሔር በየቀኑ ተመስገን እላለሁ። አንድም ቀን ለአንቺ አላልኩም።

ባለፈው ሐሙስ ልብስ ሰፊዋ ያመለጠኝን ትምህርት ይዛ ቤት መጣች። (ሁለት ሳምንት ከክፍል ቀርቻለሁ። ጎበዝ ተማሪ ቤቱ ሆኖ ያጥና ተብሎ ነው። ሌላ ነገር የለውም።) በዚያውም ሱሪህ ሰፍቶሃል ብላ፣ እላዬ ላይ እንዳለ በስፒል እየያዘች ማጥበብ ጀመረች። እኔ ሻይ እጠጣለሁ። ሬዲዮ ገብታ አየችና ጮኸች፤ ለካ አንዷ ስፒል ሱሪውን አልፋ እግሬ ውስጥ ተሰክታ ደሙ ካልሲዬን አርሶታል። እኔ ምንም ሳይመስለኝ ሻይዬን መጠጣቴን ቀጠልኩ። እንደ አባትሽ ያለ ጀግና አይተሽ ታውቂያለሽ?

ስፒሏ ከወጣች በኋላ «አንድ የማውቀው ሰው አለ» ብዬ ጀመርኩ።

«የምታውቀው ሰው አንተ ነህ። ቀጥል» አለችኝ።

ነገርኳት። አክስትሽም በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ልብስ ሰፊዋ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አውርዳ፣ ያን በአንድ ትንፋሽ የጨረስኩትን የምዕራፉን መጨረሻ በጣቷ እየተከተለች አነበበችልኝ። ባል የሚስቱን ስእለት ሰምቶ ዝም ካለ በኋላ ቆይቶ ቢያፈርሰው፣ በደሏን እሱ ይሸከማል ይላል።

«አባትስ?» አልኳት።

«ይሄ ስለ ባል ነው። ለአባት የተጻፈለት በሰማበት ቀን ብቻ ነው።»

«ከዚያ ቀን በኋላስ?»

መጽሐፉን ገልበጥ ገልበጥ አደረገች። «አልተጻፈም» አለች።

«እንግዲያው የባልየውን እዋሳለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ለሌላ ሰው የተጻፈውን ስገለብጥ አይደል የኖርኩት?»

«እኔ የሃይማኖት መምህር አይደለሁም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ» አለች። «ግን ልክህ ይመስለኛል።»

አክስትሽ ናት የተቆጣችው። «አንተ ከእግዚአብሔር ጋር ልትጫወት ነው እንዴ? ተስሎ ከማስቀረት አለመሳል ይሻላል ተብሎ የለም? እሱ ነው ያቆመህ! የተሰጠውን ስትቀማው ያቆመውን ቢጥልስ?»

«ማንን? እኔን ወይስ እሷን?»

«ምን አውቄ!»

«እኔን ከሆነ ይጣል። መውደቁን እችልበታለሁ።»

«ማን ሊያነሣህ?»

ሬዲዮ ዝም ስትል ቤቱ ምን እንደሚመስል አታውቂም፤ የግድግዳው ሰዓት ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቿን አንድ በአንድ ወደ ቆርቆሮዋ መለሰች። ከዚያ ለማንም ሳይሆን እንዲሁ «የምስጋና መሥዋዕት ሥጋው በዚያው ቀን ይበላል፣ ለነገ አያድርም ተብሏል» አለች። «የስእለት ሥጋ እንኳን እስከ ማግስቱ ይቆያል፤ የምስጋና ግን አይቆይም። አንድ ሰው ብቻውን በአንድ ቀን አይጨርሰውም፤ ስለዚህ የግድ ሰው ይጠራበታል።» የእኔ ምስጋና አሥራ ሁለት ዓመት አደረ። ብቻዬን በላሁት።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ይህችን ክፍል በወፍራሙ ብሩሽ ልጽፋት ነበር፤ አክስትሽና ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱ ይበላሻል ብለው ከለከሉኝ።

«እኔ አባትሽ፣ በቤቴ ሳለሽ የተሳልሽውን ስእለት በአልጋዬ ላይ ሆኜ ሰምቼ ዝም ብዬ ነበር። ዛሬ ማክሰኞ አይሆንም እላለሁ። ባል አላገባም ያልሽውን፣ ጎጆ አልወጣም ያልሽውን፣ እሱን እያነሣሁ እኖራለሁ ያልሽውንም ከልክዬሻለሁ። የዘገየሁት እኔ ነኝ። በደል ካለበት የእኔ ነው፣ አንቺ ዘንድ አይደርስም።»

ይህን ከመጻፌ በፊት ለእሱም ድምፄን ከፍ አድርጌ ነግሬዋለሁ፣ ሰው ሰውን እንደሚያናግር፣ ያንቺን አነጋገር ተውሼ። አክስትሽና ልብስ ሰፊዋ ቆመው ሰሙ። በዚህ ገጽ ጀርባ ሁለቱም ምስክር ሆነው ፈርመዋል። የአክስትሽ ፊርማ የተንሻፈፈው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ስለፈረመች ነው። ከጨረስኩ በኋላ የሆነ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢያንስ ፍርሃት። ምንም አልመጣም። ውጭ አንድ ሰው ጋሪ እየገፋ አለፈ። አክስትሽ ሻይ ትጨምር እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ጨምሪ አልኳት።

ደብዳቤው በነገው አውቶቡስ ይሄዳል። ሾፌሩ በአራት ቀን እጇ ላይ አደርሰዋለሁ ብሎኛል። ከዚያ እስከ ወሩ መጨረሻ አሥራ አንድ ቀን ይተርፍሻል። ሰውየውን ከወደድሽው እሺ በይው። ካልወደድሽው ስላልወደድሽው እምቢ በይው፤ ያም መብትሽ ነው። በእኔ እግር ምክንያት ግን እምቢ እንዳትይው። ሥራሽንም ከወደድሽው ሥሪው፤ የምትወጅው ስለሆነ እንጂ የተሳልሽው ስለሆነ አይሁን።

ደብዳቤውን አይተሽ ደግሞ ልየው ብለሽ ወደዚህ እንዳትነሺ። በዚህ ወርም በሚቀጥለውም አትምጪ። ቤቱን ቀለም እየቀባሁት ነው፤ ከጣሪያው ጀምሬ ነው፣ መሰላል ላይ ውዬ መሰላል ላይ ነው የማመሸው፣ ሽታው ያሳምምሻል። አክስትሽ ደውላ ሌላ ነገር ብትነግርሽ ሬዲዮ አንዳንዴ የማይሆን ጣቢያ እንደምትይዝ አስቢ።

ድንቢጤ፣ አመሰግናለሁ። ስላጠብሽኝ፣ ስላገላበጥሽኝ፣ ክራንቹን ትተሽ ትከሻሽን ስለሰጠሽኝ፣ በማያስቀው ቀልዴ ስለሳቅሽልኝ። ይህን ቃል ስጽፍ ረቂቅ አላዘጋጀሁለትም።

እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ጻፍኩት። እግርሽ የረገጠበትን ያለምልምልሽ። የምትተኚበት ቤት ሳቅ አይጉደለው። በፊትሽ ያለው በር ሁሉ ያለ ስእለት ይከፈትልሽ። እሱ በበረከት ሲመጣ ወደ አንቺ ይምጣ። በደሉን ሊጠይቅ ሲመጣ ግን ወደ እኔ ይምጣ፤ ቤቴ አይጠፋውም፣ ስሜን በራሴ እጅ በሩ ላይ ጽፌዋለሁ። ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ።

ማንም ሳያግዘው የጻፈው፣
አባትሽ